የደጃፉ ኖራ

ሁዌፋ እጇ ዓይን አለው ይባልላት ነበር። አንዲት ጥንቸል ከአውራው ዘንድ ውላ በተመለሰች በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ግራ እጇን ከሆዷ ሥር ሰደድ፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርግና "አምስት ናቸው" ትላለች። አምስት ይሆናሉ። ስድስት የሆኑ እንደሆነም "አንዱ ተደብቆብኝ ነው" ብላ ትከራከራለች እንጂ መሳሳቷን ሞታ አታምንም። ጥንቸል ይበላል ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ከፖርቶ ኖቮ ከተማ አጠገብ ባለችው በአጃራ ግን ጥንቸል በዘንባባ ዘይትና በቃሪያ ተሠርታ ከበቆሎ ገንፎ ጋር ስትቀርብ፣ ቄሱም የአገሬው አምልኮ የቮዱኑ አባትም እጃቸውን የሚታጠቡት ከአንድ ማስታጠቢያ ነው።

ባሏ ግንበኛ ነበር። የሰው ቤት ሲገነባ ኖሮ የራሱን ሳይጨርስ በትኩሳት በሦስት ቀን ሄደ። ወንድሞቹ ከቀብሩ በኋላ ተሰብስበው መከሩና፣ ማንጎው ያለበትን የግቢውን ፊት ለራሳቸው አድርገው፣ ከግንቡ ሥር ያለውን ፀሐይ የማያገኘውን ጓሮ ለሁዌፋ ሰጡ። እንዲያውም ደግ የሆኑ መሰላቸው። ሁዌፋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ኮሲባን ይዛ ጓሮ ገባች። ያ ጓሮ በቆሎ ቢዘሩበት አይበቅልም፤ ቃሪያ ቢተክሉበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ያን ጊዜ ነው ዶሲ የደረሰችላት። ዶሲ ሁለት ሰፈር ማዶ ጥንቸል የምታረባ፣ ከሁዌፋ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። መንትዮችን ተከትላ የተወለደች ስለሆነች ግትር ናት ይሏታል፤ እውነትም ግትር ነበረች፤ ግትርነቷ ግን ደግነትም ላይ አይለቅም ነበር። አንድ ጠዋት ያረገዘች ግራጫ ጥንቸል በቅርጫት ይዛ ከተፍ አለች።

"እንቺ። ጥላ ሥር የጣሉሽ ሊጎዱሽ ነው። ጥንቸል ግን ከጥላ ሌላ ምን ትፈልጋለች?"

"በምን እመልስልሻለሁ፣ እትዬ?"

"ማን መልሺልኝ አለሽ? ስትወልድ መጥቼ አያለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።"

እንዳለችውም መጥታ አየች። ከዚያ ወዲህ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ሁዌፋ ቤት ጥንቸል ወልዳ ዶሲ መጥታ ያላየችበት ጊዜ አልነበረም። እየመጣች ግልገሎቹን በእጇ ታነሣለች፣ ትመርቃለች፣ ሶዳቢ ከሚሉት የዘንባባ አረቄ አንድ ሲኒ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች።

ሁዌፋም ሥራውን ያዘችው። የዘንባባ ዘንግ ሰንጥቃ፣ በገመድ አስራ፣ ለየጥንቸሉ ቤት ሠራች። በጠጡ ወደ ታች እንዲወርድ ወለሉን በሽቦ ወንፊት አደረገችው። የቤቶቹን እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሞላባቸው የሰርዲን ጣሳዎች ውስጥ አቆመቻቸው፤ አለዚያ ገብረ ጉንዳን የተወለዱትን ግልገሎች አጥንት ብቻ አስቀርቶ ይሄዳል። ቆርቆሮ በበጋ ጥንቸል ስለሚገድል በላዩ ሣር ከደነችበት። ወንዱን ወደ ሴቷ ቤት አይወስዱትም፤ ትነክሰዋለች፤ ሴቷ ናት ወደ እሱ የምትሄደው። "እኔም ይህን ቀድሜ ባውቅ፣ እሱን እኔ ቤት አስመጥቼ በነከስኩት ነበር" ትላለች ሁዌፋ፣ ባሏን እያነሣች፤ ሰው ሲስቅ እሷም ትስቃለች። የመውለጃዋ ቀን የደረሰ ጥንቸል የገዛ ደረቷን ጠጉር እየነጨች ለልጆቿ ስታነጥፍ ባየች ቁጥር ግን አትስቅም። ሥራዋን አቁማ ታያለች።

ኮሲባ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ፖርቶ ኖቮ ማዳም ክሌማንስ ዘንድ እዚያው እያደረች ልብስ ስፌት ልትማር ገባች። ሙያውን በሦስት ዓመት ጨረሰችው፤ ከዚያ ወዲያ የማዳምን ደንበኞች ለካ የምትቆርጠውም የምትሰፋውም እሷ ሆነች። ሙያ መጨረስ ግን ነፃ መውጣት አይደለም። ነፃ ለመውጣት የአሠልጣኟ ድርሻ አለ፣ የደንብ ልብሱ አለ፣ ድግሱ አለ፤ እንግዳ ተጠርቶ፣ ወላጅ በአግዳሚ ተደርድሮ፣ በልጅቱ ራስ ላይ ነጭ ፓውደር ተነስንሶ "ከዛሬ ጀምሮ የራስሽ ነሽ" መባል አለባት። እስከዚያ ድረስ የሰፋችው ሁሉ የማዳም ነው። ማዳም ደግሞ ይህን ድግስ የምትደግሰው በየሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ጊዜ ሁዌፋ ሆዷን ተቀድዳ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ኮሲባ አለፋት። የዘንድሮው ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ተቆርጧል። አሥራ አንድ እናት ጥንቸሎች፣ ሦስት አውራዎች፣ ለገበያ የደረሱ ሃምሳ ስምንት ወጣቶች ነበሩ። የፖርቶ ኖቮ ሆቴል ወጥ ቤት ለበዓሉ ሁሉንም እወስዳለሁ ብሏል። ኮሲባ ነፃ የምትወጣው በእነሱ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ደረቁ የሰሜን ነፋስ መንፈስ በጀመረበት ሰሞን፣ ከረግረጉ ማዶ ባለው መንደር ጥንቸል እያለቀ ነው ተባለ። ማታ ሣራቸውን በልተው ያደሩ ጥንቸሎች ጠዋት አንገታቸው ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ አፍንጫቸው ደም አዝሎ ይገኛሉ። የእንስሳት ሐኪሙ በሞተር ብስክሌት መጥቶ አርቢውን ሁሉ ገበያው ዳር ሰበሰበ።

"ክትባቱ ገና ነው" አለ። "መቼ እንደሚመጣም አላውቅም። በሽታው የሚሄደው በእግር ነው፤ በእናንተው እግር። ጥንቸላችሁ ዘንድ ሰው አታስገቡ። ጥንቸል የሞተበትንማ ጭራሽ። በደጃፉ ኖራ በሳህን በጥብጣችሁ አስቀምጡ፤ እናንተም ብትሆኑ ነክራችሁ ግቡ።"

አንድ ሽማግሌ እጁን አነሣ። "ጎረቤቴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ምን ልበለው? 'ጥንቸሎቼ ዛሬ እንግዳ አይቀበሉም' ልበለው?"

"አዎ፣ እንዲያ ይበሉት።"

"አንተ ልጅ ሚስት አላገባህም መሰለኝ። አማት ያለው ሰው እንዲህ አይናገርም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሐኪሙም ሳቀ። ሁዌፋ ግን በዚያው ዕለት ኖራ ገዝታ፣ በትልቅ የቆርቆሮ ሳህን በጥብጣ፣ ከጥንቸሎቹ ጓሮ ደጃፍ አኖረችው። ራሷም ሳትነክር አትገባም ነበር። እግሯ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆነ።

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እዚህ አገር የጎደለበትን ሰው ሄዶ አለማጽናናት ነውር ነው። የተጽናናው ደግሞ በማግሥቱ በጠዋት ተነሥቶ፣ በመጡት ሰዎች ደጅ እየዞረ "ስለ ትናንቱ እግዜር ይስጥልኝ" ካላለ ነውሩ ይብሳል። ሰው ሲሞት ብቻ አይደለም፤ መረቡ ለተቀደደበትም፣ አሳማው ለሞተበትም እንደዚያው ነው። በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ወይ አራስ ያለበት ነው፣ ወይ ሰው ይበላል።

የዶሲ ጥንቸሎች በሁለት ቀን አለቁ፤ አንድ አልቀረም። ሁዌፋ ወሬውን ስትሰማ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደግማ ተቀመጠች። በመጨረሻ አሮጌ ሽርጧን አገልድማ ሄደች። ከፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ወደ ጓሮ ዝር አላለችም፤ የጥንቸል ሣር አልነካችም። ስትመለስ ከግቢው ውጭ ሽርጧን አውልቃ፣ እግርና እጇን በኖራ ውኃ ታጠበች። ያዩዋት ሴቶች "ሬሳ አጥባ መጣች እንዴ?" ተባባሉ። ይበሉ አለች። ጥንቸሎቿ ደህና አደሩ።

በማግሥቱ ገና በጠዋቱ ዶሲ መጣች። እግሯ ላይ ያደረገችው የሞቱትን ስታወጣ የነበረችበትን ያንኑ ጫማ ነው፤ ሌላ የላትም።

"የኮሲባ እናት፣ እንዴት አደርሽ? ስለ ትናንቱ እግዜር ይስጥልኝ። ከሰው በታች አላደረግሽኝም።"

"ምን አደረግሁና፣ እትዬ። እግዜር ይካስሽ።"

ሁዌፋ ወንበር ብትሰጣትም ዶሲ አልተቀመጠችም። ዓይኗ ወደ ጓሮው ነበር።

"የግራጫዋ የልጅ ልጆች አሉ አይደል?"

"አሉ።"

"እንግዲህ ዘሬ የቀረው አንቺ ቤት ብቻ ነው። ልያቸውና ልሂድ።"

ሐኪሙ ያለው ሁሉ ሁዌፋ ጉሮሮ ላይ ደረሰ። ከአፏ የወጣው ግን "እዚያ ጋ ኖራ አለ" የሚል ብቻ ነበር።

ዶሲ ሳህኑን አየችው። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ሐኪሙ ነው እንጂ... ሲገባ እግር ይነከርበታል።"

"የማን እግር?"

"የሁሉም። የኔም። ደግሞ... ለጊዜው ሰው ባይገባ ይሻላል ብሏል።"

"ሰው!" ዶሲ ሳቅ አለች፤ ፊቷ ግን አልሳቀም። "እኔ ሰው ሆንኩልሽ? ቅርጫት ተሸክሜ የመጣሁ ጊዜ 'እግርሽን ታጠቢ' አላልሽኝም ነበር። ይሁን ግድ የለም። ደጅሽን ይዤ አልሞትም፤ እሄዳለሁ። ሰው ሲያጣ ነው ወዳጁን የሚያውቀው።"

ዞረች። ከኋላ ሲያዩዋት በአንድ ሳምንት ውስጥ አሮጊት ሆናለች። ሁዌፋ ሃምሳ ስምንቱን አሰበች፤ ኮሲባን አሰበች፤ ሳህኑን አየች። እንዲያ እያሰበች ሳለ የገዛ ድምፅዋን ሰማችው።

"እትዬ! ተመለሽ እንጂ! ምን ሆነሻል? ቤትሽ አይደለም እንዴ?"

ይህን ብላ ሳህኑን በራሷ እግር ገፋ አድርጋ ወደ ግንቡ ጥግ አስጠጋችው። ዶሲ ገባች። ግራጫዋን ጥንቸል ከቤቷ አውጥታ ደረቷ ላይ አቀፈቻት፤ "አንቺ እንኳ ትረፊልኝ" እያለች ከልቧ አለቀሰች። አንዷን ስታስቀምጥ ሌላዋን እያነሣች ሁሉንም ዳሰሰቻቸው። ከዚያ መረቀችና ሄደች።

ሁዌፋን ሞኝ የሚላት ካለ አልጣላውም። በዚያ ደጃፍ ቆሞ እሱ ምን ያደርግ እንደነበር ግን ይንገረኝ። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ሳህኑን የማላነሣ አይመስለኝም። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ክትባት የለውም።

ዶሲ እንደወጣች ሁዌፋ የቀረውን ኖራ በሙሉ በጓሮው ረጨችው። ሽቦውን ፈተገች፣ የውኃ ማጠጫ ገሎቹን በፈላ ውኃ አጠበች፣ ጥንቸሎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ልቧ መለስ አለና ለኮሲባ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ዋጋ ልትጠይቅ ገበያ ወጣች።

በአራተኛው ጠዋት ግራጫዋ ሞታ ተገኘች። ጥንቸል ድምፅ የላትም፤ ስትሞት ግን አንድ ጊዜ እንደ ሕፃን ትጮሃለች። በዚያ ቀን ሁዌፋ ያን ጩኸት ስትሰማ ዋለች። ከዚህ ስትሮጥ ከዚያ ይጮሃል፤ ከዚያ ስትደርስ ከኋላዋ ይጮሃል። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ አሥራ አንዱም እናቶች፣ ሦስቱም አውራዎች፣ ሃምሳ ስምንቱም ወጣቶች አልቀው ነበር። የባሏ ወንድሞች ጉድጓድ ቆፈሩላት፤ ሥራውን ከመቼውም ይልቅ በደንብ ሠሩት።

የቀሩት በመውለጃ ሣጥኖቹ ውስጥ ዓይናቸውን ያልገለጡ አሥራ ዘጠኝ ግልገሎች ናቸው። በሽታው ጡት የሚጠባ አይነካም፤ የሚነካው የሚያጠባቸውን ነው። ሁዌፋ የቆርቆሮ ወተት በሞቀ ውኃ አቅጥና፣ በዓይን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ እየሳበች፣ አንድ በአንድ አፋቸው ውስጥ ታንጠባጥብ ጀመር። ወተቱ ሆዳቸውን ነፋው። ጣቷን ይጠቡ ነበር፤ ደጋግመው ጣቷን ይጠቡ ነበር። በየቀኑ እጇን ሣጥን ውስጥ ስትከት የሚሞቅ ገላ ያንሳል። በስምንተኛው ቀን ሣጥኖቹን ሁሉ ደፍታ አስቀመጠቻቸው።

ለማጽናናት ከመጡት መጀመሪያዋ ዶሲ ነበረች። ጋሪ የሚሉትን የካሳቫ ዱቄትና ስኳር ይዛ መጣች፤ ከሁዌፋ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘች።

"ወይኔ እህቴን! ከየት ገባብሽ?"

ሁዌፋ ቀና ብላ አየቻት። ዶሲ በእውነት ነበር የምትጠይቀው።

"ምን አውቄ፣ እትዬ። ነፋስ ይሆናል።"

"ነፋስ ነው። የዘንድሮ ነፋስ ክፉ ነው" አለች ዶሲ፣ እንባዋን እየጠረገች።

በማግሥቱ ሁዌፋ ለማመስገን አልወጣችም። ከመጡት ውስጥ የሁለቱ ቤት ጥንቸሎች ገና በሕይወት ነበሩና "እግሬን አሞኛል" ብላ ተቀመጠች። ሰውም "ሁዌፋ ኮራች" አለ።

እሑድ ኮሲባ መጣች። ወሬውን መንገድ ላይ ሰምታለች። ባዶዎቹን ቤቶች ዞራ አየችና ተመልሳ ከእናቷ ፊት ቆመች።

"ማን ገባ?"

"ማንም አልገባም።"

"እማ፣ ኖራ አድርጌያለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ። ሐኪሙ በእግር ነው የሚሄደው አላለም? ታዲያ በማን እግር መጣ?"

ሁዌፋ ጎንበስ ብላ የገንፎውን ድስት ከእሳት አወረደች።

"እትዬ ዶሲ ቤት ሄደሽ ነበር አይደል? ልታጽናኚ?"

"ሄጃለሁ።"

"ለጥንቸል! ለሞተ ጥንቸል ለቅሶ!" አለች ኮሲባ። "ታዲያ አንቺ ነሻ ያመጣሽው።"

ሁዌፋ ሽርጧን ውጭ ማውለቋን፣ እግሯን መታጠቧን፣ ከዚያ በኋላ ጥንቸሎቹ ደህና ማደራቸውን ልትነግራት ትችል ነበር። ያን ከነገረቻት ቀጣዩ ጥያቄ "ታዲያ ማን?" ነው። ልጇን ታውቃታለች፤ መልሱን ይዛ በቀጥታ ዶሲ ደጃፍ ሄዳ ሰፈር እስኪሰማ ትጮሃለች። ዶሲ ባዶ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ይህን ከሰማች አትነሣም። ሳህኑን ያነሣው ደግሞ የዶሲ እግር አልነበረም።

"አዎ" አለች ሁዌፋ። "እኔ ነኝ።"

ኮሲባ ወደ ባዶዎቹ ቤቶች ዞረች።

"ሁለት ዓመት፣ እማ። ሌላ ሁለት ዓመት። ከኔ በኋላ የመጡት ሲወጡ የደንብ ልብሳቸውን የምሰፋው እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ? ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"ቁጭ በይና ገንፎውን ብዪ።"

"አልበላም።"

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም እንዲሁ።

ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ሁዌፋ ደህናውን ልብሷን ለብሳ ፖርቶ ኖቮ ሄደች። ለምን እንደሄደች ራሷም አታውቅም፤ ልብ ቤት አልቀመጥ ይላል። የማዳም ሱቅ ፊት ዳስ ተጥሏል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ወላጆቹ በአግዳሚ ተደርድረዋል። ሁዌፋ ከመንገዱ ማዶ፣ ዘሚጃን የሚባሉት ባለ ሞተሮች ከሚቆሙበት ጥላ ሥር ቆመች። አራት ልጃገረዶች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ተንበርክከዋል። ስፌቱ ሩቅ ሆኖም ታወቃት፤ ትከሻው ላይ እንዲያ አስተካክሎ የሚያስቀምጥ እጅ አንድ ብቻ ነው።

ማዳም ፓውደሩን አንሥታ በየራሳቸው ላይ ነሰነሰችው። እልልታው ቀለጠ። እናቶቹ ተነሥተው ጨፈሩ። ኮሲባ በሥራ ልብሷ፣ የመጠጥ ትሪ ተሸክማ፣ በእንግዶቹ መካከል ትዘዋወር ነበር።

አንድ ባለ ሞተር ጭፈራውን እያየ ወደ ሁዌፋ ዘንበል አለ።

"እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! የርስዎ የትኛዋ ናት?"

"የኔ ከነሱ ውስጥ የለችም" አለች ሁዌፋ።

ኮሲባ ያን ጊዜ ቀና ብላ በመንገዱ ማዶ አየቻት። ሁዌፋ እጇን ትንሽ ከፍ አደረገች። ኮሲባ ትሪውን በሌላ እጇ ለወጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ወደሚቀጥለው እንግዳ ሄደች፤ ጎንበስ ብላም ምን እንደሚጠጣ ጠየቀችው።